የተጨመቀው ወንዝ

ራሕማ ወንዙን ከማየቷ በፊት ሸተታት።

ከሲኤምሲ አልፋ፣ አስፋልቱ ያበቃበት ቦታ ከታክሲ ወርዳ፣ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጤፉ የታጨደበትን ማሳ እያቋረጠች ነበር። መጀመሪያ የሞተ ውሻ አንድ ቦታ የተጣለ መሰላት። የሻርፗን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች። ሽታው ግን ወደ ኋላ አልቀረም። እየወፈረ መጣ፤ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ምላስ ላይ የሚቀመጥ፣ ሲውጡት የሚቀመስ ዓይነት ነበር።

ከዳገቱ ጫፍ ሆና ቁልቁል ስታይ ወንዙ ጥቁር ነው። ዳር ዳሩን ቢጫ አረፋ ይዟል። አረፋው ላይ የከብት ጸጉር፣ ጸጉሩ ላይ ነጭ ሞራ ተጣብቆ ሁሉም አንድ ላይ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። በሁለት ድንጋዮች መሃል የተላጠ የቆዳ ቁራጭ ተወሽቆ፣ ውሃው በገፋው ቁጥር እንደ ምላስ ይወጣና ይገባል።

የታዘዘችው ፎቶ እንድታነሳ ነው። ድንጋዩን፣ ሳሩን፣ አፈሩን፣ ውሃውን፤ ሁሉንም ከቅርብ፣ ጥላ ሳይጥሉባቸው። ድንጋዩንና ሳሩን ቀደም ብላ አንስታለች። አሁን ወደ ውሃው ወረደች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ አጎንብሳ አነሳች። ሁለተኛውን ስታነሳ ትንፋሿ አለቀባትና በአፏ ሳበች። የዚያኔ ቁርሷ መጣ። ካሜራውን በአንድ እጇ ወደ ጎን አርቃ ይዛ ትውከቷን ለቀቀችው።

«አፍሽን አትክፈቺ፣ ልጄ፤ ዝንቡ ይገባል» አላት ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ከዳገቱ ላይ ካለች ጭቃ ቤት የወጡ ሴት ናቸው። እማማ የሺመቤት ይባላሉ። በጣሳ ውሃ ይዘው መጥተዋል። ራሕማ ጣሳውን ተቀብላ ሳትጉመጠመጥ ውስጡን ስታይ ገባቸው።

«አትፍሪ፣ የቧንቧ ነው። ከሲኤምሲ በጀርባዬ ነው የማመጣው» አሉ።

አፏን ተጉመጠመጠች። ሴትዮዋ ቆመው ሲያዩዋት ቆዩና በአገጫቸው ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል አመለከቱ።

«ከወዲያ ቆዳ ይፍቃሉ። የፋቁበትን እዚህ ይለቁታል። ላሜ ከዚህ ጠጥታ ምላሷ ተላጠ። አረድናት፤ ሥጋዋን ውሻም አልነካው።» ካሜራዋን አይተው «ለምንድነው የምታነሺው?» ብለው ጠየቁ።

«እዚህ ቤት ሊሠራ ነው፣ እማማ። ቪላ።»

እማማ የሺመቤት ወንዙን አዩ፣ ከዚያ እሷን አዩ።

«ለሰው?» አሉ።

ራሕማ ጣሳውን በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

ራሕማ ሙነወር ሥዕል የተማረች ልጅ ናት። በ1991 ዓ.ም. ቦሌ መንገድ ላይ ሦስተኛ ፎቅ የተከራየ ቤት ሠሪ ድርጅት ሲቀጥራት ኮምፒውተር የነካችው ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር። የድርጅቱ ባለቤት ኢንጂነር ፍስሃ፣ በአገሩ ማንም ያላሰበው ነገር አስቧል። ሌሎቹ ካርታ ዘርግተው ቤት ይሸጣሉ። እሱ ግን ደንበኛውን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ፣ ገና መሠረቱ ባልተቆፈረ ቤት ውስጥ ያስኬደዋል። ደንበኛው ሳሎን ይገባል፣ መኝታ ቤት ያያል፣ በረንዳ ወጥቶ ግቢውን ይቃኛል። እንደ ቪዲዮ ተቀርጾ ያለቀ አይደለም፤ ማውሱን ወደ ፈለገበት ባዞረ ቁጥር ኮምፒውተሩ የሚያየውን እዚያው እየሠራ ያሳየዋል።

ፕሮግራሙን የጻፈው መሐሪ ነው። መሐሪ ቀጭን፣ ሲናገር ሰው የማያይ፣ ሥራው ሲሳካለት ብቻ የሚስቅ ልጅ ነው። ቤቶቹን በመስመርና በማዕዘን ይገነባቸዋል፤ ሲጨርስ ግን ካርቶን ነው የሚመስሉት። ካርቶኑን የምታለብሰው ራሕማ ናት። ግድግዳው ላይ የድንጋይ ፎቶ፣ ወለሉ ላይ የእንጨት፣ መሬቱ ላይ የሳር ትለብጥበታለች። ይህን የሚለበጠውን ሥዕል ቴክስቸር ይሉታል።

ችግሩ ቦታ ነው። ከዱባይ የመጣው የግራፊክስ ካርድ ሜሞሪው ጠባብ ነው። የራሕማ ፎቶዎች ስካን ተደርገው ሲገቡ ገና ሳሎኑ ሳያልቅ ይሞላል፤ የቀረው ወደ ካርዱ እየወጣና እየወረደ ሥዕሉ እንደ አንካሳ እየተጎተተ ይሄዳል። ስለዚህ መሐሪ ሥዕሎቹን ይጨምቃቸው ነበር። ካርዱ የተጨመቀውን ሳይፈታ እንዳለ የሚያነብበት አዲስ ፎርማት አለው።

«ሥዕሉን በትንንሽ ካሬ ይከፋፍለዋል» ብሎ አንድ ቀን በእስክሪብቶ እየሳለ አስረዳት። «አራት ነጥብ በአራት ነጥብ። ካሬው ውስጥ አሥራ ስድስት ነጥብ አለ አይደል? የአሥራ ስድስቱንም ቀለም ከሚይዝ ሁለት ቀለም ብቻ ይይዛል። በሁለቱ መሃል ሌላ ሁለት ራሱ ይቀላቅላል። እያንዳንዱ ነጥብ ከአራቱ ለሱ የሚቀርበውን ይወስዳል።»

«የቀረው ቀለምስ?»

«ይጣላል። ዓይን አያውቀውም።»

ራሕማ ለድንጋይና ለሳር ይህ እውነት መሆኑን አየች። ድንጋይ ቢጨመቅም ድንጋይ ነው። ቢሆንም ለጥንቃቄ ሁሉንም በሁለት ፎልደር ታስቀምጥ ነበር፤ በአንዱ ያልተነካው ኦሪጅናል፣ በሌላው የተጨመቀው፣ ስማቸው አንድ ዓይነት። መሐሪም ፕሮግራሙ ላይ አንድ ቁልፍ አበጅቶላታል። ቁልፉን ስትጫን የተጨመቀው ሥዕል ይነሳና ኦሪጅናሉ ይተካል፤ እንደገና ስትጫን ይመለሳል። እንዲህ እያፈራረቁ የትኛው እንደተበላሸ ይመረምራሉ።

የወንዙ ፎቶ ታጥቦ መጥቶ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ፍስሃ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

«አይሆንም» አለ ወዲያው። «ይሄን ጣይው። ውሃውን ከዚህ ውሰጂ።» ከጠረጴዛው ኋላ የተሰቀለውን የውጭ አገር ካላንደር ነቅሎ ሰጣት። በረዶ የጫነ ተራራ ሥር የተኛ ሰማያዊ ሐይቅ ነበረበት።

ፎቶውን ግን አልጣለችውም። ኦሪጅናሎቹ ያሉበት ፎልደር ውስጥ በዚያው በውሃው ስም እንዳለ ተወችው፤ ፍስሃ ፎልደር ከፍቶ የሚያይ ሰው አልነበረም። ካላንደሩን ስካን አደረገች፣ ሐይቁን ቆርጣ አወጣች፣ መሐሪ ጨመቀው፣ ወንዙ ላይ ተለበጠ።

ውጤቱን ለማየት ፍስሃ ሲመጣ ፊቱ ተቀያየረ። ሐይቁ በካርዱ ላይ ሐይቅ አልመሰለም። ፈዛዛው ሰማያዊ በካሬ በካሬ ተቆራርጦ፣ እዚህም እዚያም ቆሻሻ አረንጓዴ ጥፍጥፍ ወጥቶበታል።

«ምንድነው ይሄ ዝቃጭ?» አለ አፍንጫውን ጨምድዶ፣ እንደሸተተው ሁሉ። «ሰው ይሄን አይቶ ይጸየፋል።»

መሐሪ ፎርማቱ ቀለም ሲያሳጥር ለአረንጓዴ ከቀይና ከሰማያዊ የበለጠ ቦታ እንደሚሰጥ፣ ስለዚህ ስስ ቀለሞች ወደ አረንጓዴ እንደሚያዘነብሉ ማስረዳት ጀመረ። ፍስሃ አልሰማውም።

«ኢንጂነር፣ እውነተኛውን አይተውታል?» አለች ራሕማ።

«የቱን?»

«ወንዙን።»

«ስንት ጊዜ ሄጃለሁ።»

«ከመኪና ወርደው?»

ፍስሃ ሳቅ አለ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ይህ ነው ይበልጥ ያስጠላት። ልጅ አንድ የማይገባውን ነገር ሲጠይቅ የሚሳቅ ዓይነት ነው።

«ራሕማ፣ እኛ ቤት ነው የምንሸጠው። ወንዙ ወደፊት ይሸፈናል፣ ይጸዳል፣ አንድ ነገር ይደረጋል። አንቺ ይሄን አረንጓዴ አጥፊልኝ።»

አጠፋችው። ፎቶ መጠቀሙን ትታ ውሃውን በእጇ ሳለችው። እያንዳንዱ ካሬ ሁለት የተቀራረቡ ሰማያዊዎች ብቻ እንዲደርሱት፣ የማዕበሉ ጠርዝ በካሬዎቹ ድንበር ላይ እንዲያርፍ፣ ወደ አረንጓዴ የሚንሸራተተው ቀለም አንድም ቦታ እንዳይገባ እያደረገች ሳለችው። ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ሲጨመቅ ምንም የሚጣል ቀለም አልነበረውም። መሐሪ ስክሪኑን አይቶ ሳቀ፤ ሲሳካለት የሚስቀውን ሳቅ።

«ይሄን ማንም አልሠራውም» አላት። «እንዴት አሰብሽው?»

ደስ አላት። ደስታው ግን ቶሎ ጠወለገ። ስክሪኑ ላይ የቀረበላት ውሃ ጥርት ያለ፣ ፀሐይ የሚጫወትበት ውሃ ነው። ዳሩ ላይ፣ የእማማ የሺመቤት ጭቃ ቤት ባለበት ቦታ፣ ራሷ የለበጠችው ለምለም ሳር አለ። ያን ቀን ቤቷ ገብታ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ እንደገና ታጠበች፣ ጸጉሯንም አጠበች። ሽታው ከየት እንደሚመጣ አላወቀችም። እራት ቀርቦ ሥጋው ላይ ነጭ ሞራ ስታይ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

ራሕማን ያሳደገቻት አክስቷ ሰዓዲያ ናት። ከኮምቦልቻ በልጅነቷ አምጥታ፣ አስተምራ፣ ሥዕል እማራለሁ ስትላትም ያልተቆጣች ብቸኛ ዘመድ። ሰዓዲያ ሾላ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ገርጂ ውስጥ በሰው ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። የዚያ ግቢ የሽንት ቤት ቁልፍ የሚቀመጠው አከራይዋ ኪስ ውስጥ ነው። ሰዓዲያ ለሱብሒ ሰላት ስትነሳ ቁልፉን ለመጠየቅ የሰው በር ማንኳኳት ነበረባት፤ አከራይዋም «እስቲ ሌሊቱን እንኳ አስተኙን» ትላታለች። ይህ ነገር ሰዓዲያን ከምንም በላይ ያንገበግባት ነበር። የራሷ በር፣ የራሷ ውሃ፣ የራሷ ሽንት ቤት ያለው ቤት ሳታይ እንዳትሞት ሁልጊዜ ዱዓ ታደርጋለች።

ማስታወቂያውን በሬዲዮ ሰምታ አንድ ቅዳሜ ቢሮው ስትመጣ ራሕማ አልጠበቀቻትም። ሰዓዲያ የኢድ ልብሷን ለብሳለች።

«ያንቺ መሥሪያ ቤት መሆኑን ስሰማ ልቤ አረፈ» አለቻት ኮሪደር ላይ እጇን ይዛ። «ያንቺ እጅ ያለበት ነገር አያሳፍረኝም።»

«አክስቴ፣ ይሄን ተይው። ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።»

«ለምን?»

ራሕማ አፏን ከመክፈቷ ፍስሃ ከክፍሉ ወጣና ሰዓዲያን በትልቅ ትሕትና እጅ ነስቶ ወደ ውስጥ አስገባት።

ክፍሉ ውስጥ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ አንድ ወጣት ነጋዴና መሐሪ አሉ። ማውሱን እንድትይዝ የታዘዘችው ራሕማ ናት። ቤቱን ከፈተችላቸው። በሩ ተከፈተ፣ ሳሎኑ መጣ፣ የድንጋዩ ግድግዳ፣ የሚያብለጨልጨው ወለል። ጡረተኛው በመገረም ጉልበታቸውን መቱ። ሰዓዲያ ሽንት ቤቱን እንድታሳያት ጠየቀች፤ ራሕማ አሳየቻት። ሰዓዲያ ስክሪኑን ለረዥም ጊዜ አየችው።

«ወደ ጓሮው ውሰጃቸው» አለ ፍስሃ።

ጓሮው ወጡ። ሳሩ፣ ከሳሩ ወዲያ ውሃው። የጡረተኛው ሚስት «እሰይ» አሉ በቀስታ።

«የሚፈስ ውሃ ነው?» ብላ ጠየቀች ሰዓዲያ።

«የሚፈስ ነው፣ እማማ» አለ ፍስሃ። «ክረምት ከበጋ።»

«ቧንቧ የጠፋ ቀን ለውዱእ ይሆናላ» አለች ሰዓዲያ፣ ለራሷ እንደምታወራ።

ራሕማ ምላስ መሳዩ ቆዳ ሲወጣና ሲገባ ታያት። ከሰላት በፊት ስትታጠብ ያ ውሃ የአክስቷን ፊት፣ የአክስቷን አፍ፣ እስከ ክርኗ እጇን ሲነካ ታያት። 

«አይሆንም» አለች። «ነጃሳ ነው፣ አክስቴ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ፍስሃ «ራሕማ» አለ። እሷ ግን ቁልፉን ተጫነችው። ሥዕሉ ለአፍታ ተንገጫገጨና ኦሪጅናሎቹ መጡ። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ሳሩም ያው ሳር። ሰማያዊው ውሃ ባለበት ግን ጥቁሩ መጣ፤ ከነአረፋው፣ ከነጸጉሩ፣ ከነሞራው፣ ከቪላው ጓሮ ጀምሮ እስከ ስክሪኑ ጫፍ ድረስ።

የጡረተኛው ሚስት አፋቸውን ያዙ። ወጣቱ ነጋዴ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ከፍስሃ በቀር ከቦታው የተነሳ የለም፤ እሱም ቀስ ብሎ ነው የተራመደው። ስክሪኑን በመዳፉ ሸፈነ።

«ይቅርታ» አለ ፈገግ ብሎ። «ፋይሉ ተበላሽቷል። አዲስ ነገር ስለሆነ አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋል።»

«ኮምፒውተር እንዲህ ነው» አሉ ጡረተኛው ወዲያው፣ እፎይ ብለው። «እኛም መሥሪያ ቤት አንድ ነበረን።»

«ፋይሉ አልተበላሸም። ፎቶ ነው፤ ቦታው ድረስ ሄጄ ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች ራሕማ።

«ልጅቷ ሰሞኑን ሥራ በዝቶባታል» አለ ፍስሃ። ከዚያ ዞሮ «መሐሪ፣ ፋይሉ ተበላሽቷል አይደል?» ብሎ ጠየቀ።

መሐሪ የኪቦርዱን ገመድ እያየ ቆየ። ራሕማ ቀና እስኪል ጠበቀች፤ አላለም።

«ተበላሽቷል» አለ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ከሰማችው ሁሉ የከበዳት ይህ ነው። ፍስሃ ውሸታም እንደሆነ ታውቃለች። መሐሪ ግን እያንዳንዱ ካሬ ውስጥ የትኛው ቀለም እንደተጣለ የሚያውቅ ሰው ነው። ፊቱን አየችውና ሰው ያኘከው ነገር እጇ ላይ የተተፋ ያህል ቀፈፋት። ማውሱን ለቀቀች።

ሰዓዲያ ተነስታ ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ አደረገች።

«ቦታውን አሳዪኝ» አለቻት።

ታክሲው ካወረዳቸው በኋላ ማሳውን አቋረጡ። ሰዓዲያ ሽታው ሲመታት ቆም አለች፣ «አዑዙ ቢላህ» አለች፣ ጉልበቷን ይዛ መንገዷን ቀጠለች። ዳገቱ ጫፍ ስትደርስ የኢድ ልብሷን ዘርፍ ሰብስባ ቁልቁል አየች። ሞራውን አየች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ መጸየፍ፣ ከዚያ ሌላ ነገር መጣ፤ ራሕማ ያን ዓይነት ፊት አይታባት የምታውቀው አከራይዋ በሩን ስትዘጋባት ነው።

«ሰው እዚህ ሊያኖሩ» አለች። «ሽንት ቤቱን በሸክላ አሳምረው አሳይተውኝ።»

እማማ የሺመቤት ከቤታቸው ወጥተው ራሕማን አወቋት። ሰዓዲያ ሰላም ብላቸው አንድ ነገር ለመነቻቸው፤ ክዳን ያለው የማይፈልጉት ጀሪካን ካላቸው። ሴትዮዋ የዘይት ጀሪካን አመጡ። ራሕማ ልቀበላት ብትል ሰዓዲያ እምቢ አለች። እጇን በፌስታል ሸፍና ራሷ ወርዳ ቀዳች፤ ጸጉሩም ሞራውም እንዲገባ ከአረፋው በኩል ቀዳች። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ከንፈሯ ግን ጥብቅ ብሎ እንደተዘጋ ነው።

በታክሲው ውስጥ ክዳኑ ቢጠብቅም ሽታው አልታሰረም። ሰው መስኮት ከፈተ። ረዳቱ ከወንበሮቹ ሥር አጎንብሶ ፈለገና «የማን ነው ይሄ? ሬሳ ነው እንዴ የጫናችሁት?» አለ።

«ለአንድ ኢንጂነር የምናደርሰው ዕቃ ነው» አለች ሰዓዲያ። ከዚያ በኋላ እስከ ቦሌ ማንም አላናገራቸውም።

ቢሮው ሲደርሱ ፍስሃ ምሳ ጋብዞ ከመለሳቸው ባልና ሚስትና ወጣት ነጋዴ ጋር ጠረጴዛው ጋ ለስላሳ ይጠጣ ነበር። ስክሪኑ ላይ ውሃው ተመልሶ ሰማያዊ ሆኗል። ሰዓዲያ ሳታንኳኳ ገባች፣ ጀሪካኑን በጠረጴዛው መሃል፣ በጠርሙሶቹ አጠገብ አስቀመጠች።

«ኢንጂነር፣ ፋይልዎን ይዤልዎት መጣሁ» አለች። «አልተበላሸም፤ እንዳለ ነው።»

ክዳኑን ከፈተችው።

ሽታው ክፍሉን ለመሙላት ጊዜ አልፈጀበትም። ወጣቱ ነጋዴ የጠጣው ለስላሳ ተናነቀው፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ፤ አልተመለሰም። ጡረተኛው ሳሉ። መሐሪ ኮምፒውተሩ ጀርባ ቆሞ እጁን አፍንጫው ላይ አደረገ። ከፍስሃ ግንባር ላብ ወጣ።

«መስኮት ክፈቱ» አለ። «እማማ፣ ይሄ ነውር ነው።»

«ነውርማ ነው» አለች ሰዓዲያ። «ማነው ግን የሠራው?»

ራሕማ አሁን ሁሉም ይነሳል ብላ ጠበቀች። የጡረተኛው ሚስት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ጀሪካኑ ውስጥ አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ወደ ፍስሃ ዞሩ።

«ይሄ ከመግባታችን በፊት ይሸፈናል?» ብለው ጠየቁ።

«ይሸፈናል፣ እመቤቴ። ቃሌ ነው።»

«እንግዲያስ ያንን የማዕዘኑን ቦታ ለሌላ እንዳትሰጡብን።»

ራሕማ መጀመሪያ ተሳስታ የሰማች መሰላት። ሴትዮዋ በነጠላቸው ውስጥ እየተነፈሱ፣ ዓይናቸው ግን ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ነው፤ እሷ ካሬ በካሬ በሳለችው ውሃ ላይ። ባላቸውም እዚያው ነው የሚያዩት። ጀሪካኑ በክንዳቸው ርቀት ላይ ተከፍቶ እያለ ሥዕሉን እየቃኙ ነበር። በዚያች ቅጽበት ከወንዙ ዳር እንኳ ያልተሰማት መጸየፍ ተሰማት፤ በእነሱም፣ በፍስሃም፣ ከሁሉ ይልቅ በራሷ ሥራ ማማር።

«ሰኞ እንዳትመጪ» አላት ፍስሃ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

«እዚህ ከዚህ በኋላ የምነካው ነገር የለም» አለችው። ቦርሳዋን አንስታ ከአክስቷ ጋር ወጣች። ጀሪካኑን አላነሱም።

ሰዓዲያ ደረጃው ላይ የመደገፊያውን ብረት ይዛ ተቀመጠች። ራሕማ አጠገቧ ተቀመጠች። ከላይ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ይሰማል።

«ከሥራሽ አስወጣሁሽ» አለች ሰዓዲያ።

«አይ፣ አክስቴ።»

«ቤቱ ቆንጆ ነበር» አለች ሰዓዲያ። «ያቺ ሽንት ቤት። ወላሂ፣ ለአፍታ ገብቼባታለሁ።» ከዚያ የራሕማን እጅ ያዘች። «አብሽሪ። ሌላ ይመጣል።»

መጣም። ራሕማ ለልጆች መማሪያ መጻሕፍት ሥዕል የሚያዘጋጅ አንድ ማተሚያ ቤት ገባች፤ በወረቀትና በቀለም። ሰዓዲያ ገርጂን ለቃ ኮተቤ ውስጥ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ክፍል ተከራየች። ጣሪያው ያፈሳል፤ ቁልፉ ግን የራሷ አንገት ላይ ነው።

ዓመት ሳይሞላ መሐሪ ራሕማን ፍለጋ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጣ። በረንዳው ላይ ቆመው አወሩ። ከስቷል። ይቅርታ ሊጠይቅ እንደመጣ ገባት፤ ግን ይቅርታ መጠየቁን አላወቀበትም፤ ስለ ሥራው ብቻ ያወራል።

«ቤቶቹ እየተሠሩ ነው» አላት። «ወንዙን በድንጋይ ንጣፍ ሸፈኑት። ሽታው አሁን በማድ ቤት ማፍሰሻ በኩል ይወጣል ይላሉ። ሰው ግን ገብቷል።»

«እዚያ ዳገት ላይ አንዲት ጭቃ ቤት ነበረች። እማማ የሺመቤት የሚባሉ።»

«አላውቅም። እኛ ፕሮግራም ውስጥ እዚያ ቦታ ሳር ነው።»

«አውቃለሁ። የለበጥኩት እኔ ነኝ።»

መሐሪ ጫማውን አየ።

«ውሃሽን አሁን ለሌላ ሥራ ወስደውታል» አለ። «ወደ ቦሌ ቡልቡላ በኩል ላሰቡት። ሐይቅ አድርገውታል፣ ጀልባ አለው። ሆቴል ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች አሳዩት፤ ሁሉም ያጨበጨበው ለውሃው ነው። እንደሱ አድርጎ የሚስል አጥተዋል። ኢንጂነሩ ብትመለሺ…»

«አጥፋው» አለችው።

«ምኑን?»

«ፋይሉን።»

«በሲዲ ተባዝቷል፣ ራሕማ። የት የት እንዳለ እኔም አላውቅም። ደግሞም» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ቀና ብሎ አያት፣ «በጣም የሚያምር ነገር ነው።»

ራሕማ ለመመለስ አፏን ከፈተች። ከሆዷ የመጣው ግን ቃል አልነበረም፤ ያ የወንዝ ዳር ጣዕም ነው። ወደ በረንዳው ጫፍ ሄደች፣ የብረቱን አጥር ይዛ ጎንበስ አለች፣ ምራቋን ከታች ካለው አፈር ላይ ተፋች። መሐሪ ተከትሏት መጥቶ ደህና መሆኗን ጠየቃት። አፏን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና ወደ ሥራዋ ገባች።